የመርሳት ማኅበር

መምህር ይመር አራጋው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ለመርሳት ቁጭ ብሎ ነበር። አልሆነለትም። ሃምሳ ስድስት የሚባለው ነገር በበር ሲያስወጡት በመስኮት እንደሚመለስ ድመት ተመልሶ ጭንቅላቱ ውስጥ ጥቅልል ብሎ ይተኛበታል።

ብቻውን አልነበረም። የኮሌጁ የሒሳብ መምህራን በሙሉ አሊጋዝ ቤት ተሰብስበዋል። ፍራሹ ግድግዳውን ተከትሎ ተነጥፏል፤ ጫቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ኦቾሎኒውና ለስላሳው ቀርቧል። ከሩቅ ላየው የሽምግልና ጉባኤ ይመስላል። ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ይህ ስብሰባ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። የመርሳት ማኅበር ነው።

«ይመር፣ ተራህ ነው» አለ አሊጋዝ። አሊጋዝ የማኅበሩ መሥራችና ሰብሳቢ ነው። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ በየመንፈቁ የተማረውን ሁሉ እንደ ኮት አውልቆ የሚሰቅል ሰው። «ለማሟሟቂያ ነው፣ አትፍራ። ሰባት ጊዜ ስምንት?»

«ሃምሳ... አራት» አለ ይመር።

«ዋሸ!» አለች ሐያት ከጥግ። «ዓይኑን እዩት እስቲ! በሆዱ ሃምሳ ስድስት እያለ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ይመርም አብሮ ሳቀ፤ ተይዟልና።

«ጋሼ ይመር፣ በአላህ፣ ውሸት አይሠራም ብለን ስንቴ እንንገርህ?» ሐያት ኦቾሎኒዋን እየፈለፈለች ቀጠለች። «መለኪያው ውሸት አይቀበልም። ከልብህ ነው መሳሳት ያለብህ። አምነህ ተሳሳት።»

«እምቢ አለኝ፣ ምን ላድርግ?»

«ለምን እምቢ ይልሃል? እኔን እምቢ አላለኝም። አሊጋዝን ተመልከተው፣ ትናንት እኮ የራሱን ስልክ ቁጥር ረስቶ ሚስቱን ሲጠይቅ ዋለ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ አሊጋዝ ደረቱን ነካ አድርጎ፣ እንደ ተመሰገነ ሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው የመጣው። ድሮ፣ አሁን ጡረታ የወጡት ወጣት በነበሩበት ዘመን፣ የኮሌጅ የሒሳብ መምህር አንዴ ዲግሪውን ከያዘ ሌላ ሥልጠና ሳያይ ያረጃል ተብሎ ይታዘንለት ነበር። ደጋግ ሰዎች ይህን አይተው፣ ሥልጠና ለገባ መምህር አበል ይሰጠው አሉ። ተሰጠው። ቆይቶ ደግሞ፣ ገብቶ መቀመጥ ብቻማ ምን ይሠራል፣ ለጨረሰ ነው እንጂ መክፈል ተባለ። ቆይቶ፣ መጨረስ ብቻማ ምን ይሠራል፣ ለተለወጠ ነው መክፈል ተባለ። ማንም ክፉ አላሰበም። በየእርምጃው ጭብጨባ ነበር፤ መምህራኑም አብረው አጨብጭበዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ አበሉ ደመወዙን ዋጠው። አሁን የኮሌጅ መምህር ደመወዝ የሚባል ነገር የለውም፤ ያለው የእድገት ክፍያ ነው። በመንፈቁ መጀመሪያ ይለካል፣ ይሠለጥናል፣ በመንፈቁ መጨረሻ እንደገና ይለካል፣ በመሀል ላለው ልዩነት ይከፈለዋል።

ለማስተማር ጊዜ አይተርፍም። ደግነቱ ተማሪዎቹም መምጣት ትተዋል። ጆሯቸው ላይ በሚሰኩት ነገር እየተኙም እየበሉም ይማራሉ፤ ኮሌጁ ግቢ የሚታዩት ሊመዘገቡ ሲመጡና ጋዋን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ ነው። አዳራሾቹ የመምህራን ማሠልጠኛ ሆነዋል። ጠዋት ጠዋት ከቦርከና ወንዝ ማዶ ጎልማሶች ቦርሳቸውን አንግተው፣ ውኃቸውን ይዘው፣ እያዛጉ ወደ ግቢው ሲገቡ ይታያል። ግድግዳው ያስተምራቸዋል፤ እነሱ ያድጋሉ።

ችግሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም አደገና ከዚያ አድጎ ጨረሰ። ያወቀውን ሰው ምን ታደርገዋለህ? ከፍታው ላይ ቆሞ ይለካል፣ ከፍታው ላይ ቆሞ ይደገማል፣ ልዩነቱ ዜሮ፣ ክፍያውም እንደዚያው። መላውን ያገኘው አሊጋዝ ነው፣ እሱም ፈልጎ አይደለም። ወባ ይዞት፣ በትኩሳት እየተንቀጠቀጠ ለመለካት ገባ። ሁሉም ነገር ጠፋበት። በመንፈቁ መጨረሻ ድኖ ሲለካ በኮሌጁ ታይቶ የማይታወቅ እድገት አስመዘገበ። መድረክ ላይ ወጥቶ ተሸለመ። ጓደኞቹም ከሽልማቱ ማግስት ጀምሮ፣ ወባ ሳይዘን እንዴት ነው እንዲህ መሆን የሚቻለው ብለው ማሰብ ጀመሩ።

መንገዱ ተገኘ። ለሚለካው ምዕራፍ ስህተት የሆነ ማስረጃ ይዘጋጃል፤ አንዱ ለሌላው በሙሉ ልብ ያስተምራል፤ በምርቃና መሀል ሲከራከሩበት ይውላሉ፤ ከዚያ ወደ ቤት ይገባል፣ ነገሩን ዞር ብሎ ማየት የለም። ሲነጋ ከነፍስ የተሳሳተ ሰው ይሆናሉ። ሐያት በዚህ ሥራ የተካነች ናት። ፀጉሯን የሸፈነችበትን ሻሽ እያስተካከለች፣ በዚያ ረጋ ባለ ድምጿ ስታስረዳ፣ ሁለት ትይዩ መስመሮች ሐይቅ ከተማ አካባቢ እንደሚገናኙ ያሳመነቻቸው መምህራን አሉ።

ይመር ብቻ ነው ያስቸገረው። የሌሎቹ እውቀት የሸመደዱት ነው፤ ቢነቅሉት ይነቀላል። እሱ ግን በልጅነቱም ሽምደዳ የማይሆንለት ደነዝ ቢጤ ነበር፤ አንድ ነገር ካልገባው አይያዝለትም፣ ከገባው ደግሞ አይለቀውም። በዚህ ምክንያት ሁለት መንፈቅ ተከታትሎ ዜሮ እድገት አምጥቷል። ሦስተኛ ጊዜ ዜሮ ያመጣ ይሰናበታል። ኮሌጁ የሰጠው የግቢ ቤትም ለሌላ ይሰጣል። የዚህ መንፈቅ የመጀመሪያ መለኪያው ረቡዕ ጠዋት ነው።

ይባስ ብሎ የዚህ መንፈቅ ምዕራፍ ማለቂያ የሌላቸው ቁጥሮች ሆኖ አረፈው። ኮሌጁ ለመምህራኑ ሁሉ እጃቸው ላይ ባሰረው አምባር ማስታወቂያው ሲመጣ ይመር ከአልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ብዙ ቆየ። ሌላ ምዕራፍ ቢሆን ባልቆጨው።

*

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ዘርፌ ግቢው ውስጥ ልብስ ታወርዳለች።

«ረሳህ?»

«አልረሳሁም።»

«ከገበያ ሎሚ ይዘህ ና ያልኩህንስ?»

ይመር ቆመ። ሁለት እጁን አየው፤ ባዶ ነው።

«አየህ!» አለች ዘርፌ የተሰበሰበውን ልብስ ወደ ደረቷ እያስጠጋች። «እኔ ያዘዝኩህን ለመርሳት ማን ይስተካከልሃል! ሰው እኮ መርሳት አያቅተውም፣ ይመር። እኔ ስንቱን ረስቼ ነው ካንተ ጋር የምኖረው።»

«የኔ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው? ቁጥር አይደል እንዴ? እስቲ ንገረኝ፣ ምንድን ነው እንዲህ ሙጭጭ ያለብህ?»

ነገራት። እሷ የምትሰማው ልብሱን እያጠፈች ነው። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ እያለ የማያልቅ ቁጥር አለ። ያም ቁጥር ከአንድ ጋር እኩል ነው። የተጠጋ አይደለም፣ እኩል። ይመር ገና ወጣት መምህር ሳለ፣ ክፍል ውስጥ ሰው በነበረበት ዘመን፣ ይህን ለማስረዳት ቆመና አንድም ሰው አላመነውም። መብራት ጠፍቷል፣ ሙቀት ነው፣ ተማሪው ያጉረመርማል። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣለት ሳያውቅ ጠመኔውን ጣለና፦ «እሺ፣ ይለያያሉ እንበል። ልዩነታቸውን አምጡልኝ» አለ። አንዱ ኢምንት የሆነ ቁጥር አመጣ፤ ይመር ዘጠኞቹን ጥቂት ጨምሮ ልዩነቱ ከዚያ ያነሰ መሆኑን አሳየው። ሌላዋ ከዚያም ያነሰ አመጣች፤ እንደዚያው። የሚያመጡት ቁጥር ሁሉ ከልዩነቱ እየበለጠ አስቸገራቸው። በመጨረሻ ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ሲገባቸው ነው የሳቁት። ይመር በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ቀን አስተምሮ አያውቅም። ተማሪዎቹ ከቀሩም በኋላ ያችን ቀን በልቡ ይዟት ይዞራል።

«እና እሷን ነው እርሳ የሚሉህ?» አለች ዘርፌ።

«እሷን ነው።»

ዘርፌ የታጠፈውን ሸሚዝ ደግማ አጠፈችው። ከዚያ ወደ ቤቱ ጣራ፣ ወደ ዘይቱኑ ዛፍ፣ ወደ አጥሩ አየች፤ ሰው መሄጃው ሲደርስ እንደሚያየው።

«ደሴ ያለችው እህቴ ጓዳዋን ታከራየናለች» አለች። «አትጨነቅ ማለቴ ነው።»

አትጨነቅ ስትለው ነው የጨነቀው።

*

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሐያት መጣች። ከሻሿ በላይ በምታደርጋት የፀሐይ ኮፍያ ፊቷን እያራገበች፣ ይመር ግቢ አጥሩ ጥግ ባለች ድንጋይ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ ይመር፣ አሊጋዝ ልኮኝ ነው። እሱ እንኳ ተስፋ ቆርጧል። ስህተት አንተ ላይ አይሠራም፤ ሁለት መንፈቅ ሙሉ ሞከርን። እኔ ግን ሌላ ነገር አስቤያለሁ።»

«ምን?»

«ስህተት አንሰጥህም። ጥያቄ ልጠይቅህ።»

«ጠይቂ።»

«የማኅበር ጥያቄ አይደለም እሺ? የራሴ ጥያቄ ነው። ከድሮም ያለ።» ሐያት ወደ መሬት አየች። ስትቀልድ እንጂ ስታፍር አይቷት አያውቅም። «የዘጠኞቹን ነገር እኔ ገብቶኝ አያውቅም። ፈተና ላይ እኩል ነው እያልኩ ነው ያለፍኩት። ለዚህ ነው መርሳት የሚቀለኝ፤ ያልያዝኩትን ነው የምጥለው። እና አንተ፣ ልዩነታቸውን አምጡልኝ ትላለህ አይደል?»

«አዎ። ማምጣት አትችዪም። እንግዲያው ልዩነት የለም።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን?»

«እኔ ማምጣት አልቻልኩም ማለት የለም ማለት ነው? ከቤቴ ፊት ለፊት አንድ ሰውዬ ይኖራል። ስሙን አላውቀውም። ጎረቤት ብጠይቅም የሚያውቀው የለም። ስሙን ማምጣት አቃተኝ። ሰውየው የለም ልበል?»

ይመር አፉን ከፈተ። መልሱ ያለበትን ቦታ ያውቀዋል፤ በሐሳቡ እጁን ሰደደ። ቦታው ባዶ ነበር።

«እሱ እኮ... ቁጥርና ሰው...»

«እሺ ቁጥር ይሁን። አንተ ስም ያለውን ልዩነት ሁሉ አባረርክ። ስም የሌለውስ? በየት አወቅኸው እንደሌለ?»

ከቦርከና ማዶ የፋብሪካ ፉጨት ጮኸ። የይመር ፊት ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። ያን ቀን የሳቁት ተማሪዎች ፊት አንድ በአንድ መጣበት። ስቀው የሄዱት ገብቷቸው ነው ወይስ አፋቸውን ስላስያዛቸው ነው?

«አላውቅም» አለ።

ሐያት ብድግ ብላ ፊቱን አየችው። እንደ ባለሙያ ነው የምታየው፤ ውሸት እንዳለበት ለማወቅ። የለበትም።

«ደረጃህ ወረደ» አለች በቀስታ። «ጋሼ ይመር፣ ወረድክ። ቤቱ ተረፈ።»

«ተረፈ» አለ ይመር።

ልትስቅ ብላ ተወችው። ኮፍያዋን አድርጋ ጥቂት ራመድ ካለች በኋላ ዞረች። «አውቄ ላጠፋብህ አልነበረም» አለችው። «መልሱን ታውቀዋለህ ብዬ ነበር።»

ማታ ራት ቀርቦ ይመር ሳይነካው ተቀምጦ ስታይ ዘርፌ ግንባሩን ዳሰሰችው፤ ወባ መስሏት። እሱም የሆነውን ነገራት። እልል ልትል አፏን ከፈተች፣ ፊቱን አይታ መልሳ ዘጋችው። «ብላ በል» አለችው ብቻ። «የረሳ ሰውም ይበላል።»

*

መለኪያው ያለው ድሮ ቤተ መጻሕፍት በነበረው ክፍል ነው። መደርደሪያዎቹ ተነሥተዋል፤ ወለሉ ላይ የቆሙበት ቦታ ብቻ ነጣ ብሎ ይታያል። አንድ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ እጅ የሚያርፍበት ሳህን። በር ላይ አሊጋዝ ቆሞ የይመርን ኮሌታ እንደ ሙሽራ ሚዜ አስተካከለለት።

«ስማኝ። ጥያቄው ሲመጣ አላውቅም በል። ተቀብያለሁ ይልሃል። ትነሣለህ። ትወጣለህ። ሌላ ቃል እንዳይወጣህ። እሺ?»

«እሺ።»

«አላውቅም፣ ከዚያ በር።»

«ሰማሁ አሊጋዝ።»

ገባ፣ ተቀመጠ፣ መዳፉን ሳህኑ ላይ አሳረፈ። ሳህኑ እንደ ሕመምተኛ ግንባር ለብ ያለ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ መምህር ይመር» አለ ድምፁ። የሴት ድምፅ ነው፤ ደግ፣ የማይቸኩል። «ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ፣ እያለ የማያልቀው ቁጥር ከአንድ ጋር እኩል ነውን? ያስረዱ።»

«አላውቅም።»

ሳህኑ አረንጓዴ በራ። እውነት ነው ማለት ነው። ይመር አላውቅም ብሎ አረንጓዴ ሲበራለት የመጀመሪያው ነበር።

«ተቀብያለሁ። የሚጨምሩት አለ?»

ይህች የመጨረሻዋ ለወግ ያህል የምትባል ናት። ከሁሉም ጋር ትባላለች፤ ማንም መልሶላት አያውቅም። ይመርም ሊነሣ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። ነገር ግን ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ነው። የሐያት ጥያቄ እንደ ጥርስ ሕመም ሲነዘንዘው ነው የከረመው። እና ደግሞ፣ ስንት ዘመኑ ነው፣ አንድ ሰው ጠይቆት መልሱን በትዕግሥት ከጠበቀው?

«አንድ ነገር ብቻ» አለ። «አላውቅም ያልኩት... እህቴ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ይጠጋል፣ ይጠጋል እያልኩ ነው ያስተማርኩት። ዘጠኝ በጨመርን ቁጥር ወደ አንድ ይጠጋል። ግን ማን ነው የሚጠጋው? ቁጥር እግር የለው። የምንሄደው እኛ ነን፣ እየጻፍን። እሱ ድሮውኑም ቦታው ላይ ተቀምጧል።»

ሳህኑ ያዳምጣል።

«የት ነው የተቀመጠው? ቆይ። ከአንድ በታች ያለ የፈለግሽውን ቦታ ጠቁሚ። ቁጥር የምንለው ቦታ ማለቴ ነው። ዘጠኞቹ ጥቂት ሲሄዱ ያልፉታል። ሌላ ጠቁሚ፣ ወደ አንድ በጣም የቀረበ። እሱንም ያልፉታል። አንድን ግን አያልፉም። ስለዚህ...» ይመር ባዶ እጁን አነሣ። ድሮ ጠመኔ ይይዝበት የነበረው እጅ ነው። «ስለዚህ ይህ ማለቂያ የሌለው ጽሑፍ የሚለው ነገር ምንድን ነው? እነዚህ ዘጠኞች ሊያልፉት ያልቻሉት የመጀመሪያው ቦታ፣ ነው የሚለው። ሌላ ነገር አይልም። ያ ቦታ ደግሞ አንድ ነው! እኔ በሁለት ሰዎች መሀል ያለውን ርቀት ስፈልግ ኖርኩ። ጓደኛዬ ሐያት ርቀቱ ስም ባይኖረውስ አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ከዚያ አልወጣም ነበር። ሁለት ሰዎች ግን አልነበሩም። አንድ ሰው ነው። እቤቱ በአንድ ስም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ በክርስትና ስሙ የሚጠራ። ሰው ከራሱ ጋር ምን ርቀት አለው?»

ራሱ የተናገረውን ራሱ ሰማ። ከዚያ ሳቀ። ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ሳቁ የጮኸ መሰለው፤ አፉን በእጁ ያዘ።

ሳህኑ አረንጓዴ ነበር። ሲጀምር ከነበረው ይልቅ ደምቆ።

«የመነሻ ደረጃዎ ተመዝግቧል» አለ ድምፁ። «ደረጃ፦ ሙሉ። በዚህ መንፈቅ ሊያስመዘግቡ የሚችሉት እድገት፦ የለም።»

የይመር ሳቅ ቆመ። «ቆይ፣ ቆይ። አደግሁ እኮ። አሁን፣ እዚህ ወንበር ላይ። ስገባ አላውቅም ነበር፤ አላውቅም ስልሽ እውነት መሆኑን አይተሻል።»

«አይቻለሁ። እድገቱ የተገኘው የመንፈቁ ሥልጠና ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ አይያዝም።»

«እና የት ነው የሚያዘው?»

«ይህ ጥያቄ በአገልግሎታችን ውስጥ አይገኝም። ለአገልግሎትዎ እናመሰግናለን መምህር ይመር።»

ከእጁ ላይ አምባሩ ፈታ ብሎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። የነበረበት ቦታ ቆዳው ነጥቷል። ይመር የነጣውን ቦታ አሸት አሸት አድርጎ ተነሣ።

*

አሊጋዝ በሩ ላይ አምባር የሌለበትን የይመርን እጅ ሲያይ አልጠየቀውም። ሰውየው ሳቂታ ነው ቢባልም መሳቅ የማይገባበትን ያውቃል። አቀፈው፣ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፤ «ምን ነበር ያልኩህ? አላውቅም፣ ከዚያ በር» አለ። ከዚያ የራሱ ተራ ስለነበር፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረ ነገር እንዳይኖር ሦስቴ ተነፈሰና ገባ።

ይመር ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ለዘርፌ እንዴት እንደሚነግራት አሰበ፤ የደሴዋን ጓዳ አሰበ፤ የደሴን ብርድ አሰበ። ድካሙ ከጫማው ተነሥቶ ወደ ላይ ወጣበት። እንዲህ ሆኖም ያገኘው መልስ አለቀቀውም። ሆዱ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ አንድ ሰው ፈልጎ ሊነግረው እስከሚያቁነጠንጠው።

ሐያት ከአዳራሹ ወጥታ ስትሮጥ መጣች። የሷ መለኪያ ነገ ነው።

«እንዴት ሆነ? ወረድክ አይደል? በአላህ ወረድክ በለኝ!»

ይመር ባዶ እጁን አሳያት።

ሐያት ቀጥ ብላ ቆመች። «እንዴት? ሰኞ እኮ አይቼሃለሁ! ምንም አልቀረህም ነበር!»

«አልቀረኝም ነበር። እዚያው ተቀምጬ ጥያቄሽን መለስኩት» አለ። ፊቱ ሳይፈልግ በራ። «ሐያት፣ ጥያቄሽ እኮ ልክ ነበር! እኔ የማስረዳበት መንገድ ነው ጎዶሎ የነበረው። ሁለት ቁጥር ናቸው ብለን ስለምንጀምር...»

«አትንገረኝ!» ሐያት ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ያዘች። «ነገ መለኪያ አለብኝ! ጋሼ ይመር፣ እናቴን ታውቃለህ፣ ልጆቼን ታውቃለህ! ዝም በል!»

እሷም ጆሮዋን እንደያዘች ፊቷን አዙራ ሄደች። በግቢው መሀል ባለው የሲሚንቶ መንገድ፣ ፎቶ ሊነሡ የመጡ ባለጋዋኖችን አቋርጣ፣ በፍጥነት። ይመር እያያት ነው። ማንም አይፈርድባትም፣ እሱም አልፈረደባትም።

መንገዱ መጠምዘዣ ላይ ስትደርስ ግን ዘገየች። ቆመች። እጇ ከጆሮዋ ወረደ። እዚያው እንደቆመች ወደ አዳራሹ አየች፣ ወደ መለኪያው በር አየች፣ የእጇን አምባር አየች። ከዚያ ቀስ እያለች፣ የሄደችበትን መንገድ ተመለሰች። ደረጃው ሥር መጥታ ቆመች። ዓይኖቿ ሥር የብዙ መንፈቅ ሥልጠና ድካም ይታያል።

«ረጅም ነው?» አለች።

«አጭር ነው።»

«ከገባኝ በኋላ አይወጣልኝም፤ አይደል?»

ይመር ሊዋሻት ፈልጎ ነበር። ውሸት አይሆንለትም።

«አይወጣልሽም» አለ።

ሐያት ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ደረጃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ጀርባዋን ከግድግዳው አስጠጋች።

«ንገረኝ እሺ» አለች። «ግን ቀስ ብለህ። በጣም ደክሞኛል።»